በየፎቁ አንድ ቅጠል

ዓለም ላይ ስንት ደረጃ እንዳለ አላውቅም፤ የእኛን ሕንፃ ደረጃ የሚያክል ግን የለም፤ አለ የሚል ካለ ያምጣና እንተያይ። ሊፍት የለንም። የደረጃው አምፖል ደስ ሲለው ይበራል፣ ሲከፋው ይጠፋል። የመደገፊያው ብረት አንዳንድ ቦታ ላይ ስትይዘው አብሮህ ይሄዳል። ያም ሆኖ እስከ ላይ የወጣ እንግዳ ሁሉ ደጃችን ሲደርስ መጀመሪያ ሰላም አይልም፤ ቆም ብሎ አየሩን በረጅሙ ይስብና «ምንድን ነው እሱ?» ይላል። እኔም እንዲቀመጥ እጋብዘዋለሁ፤ ቆሞ የሚሰማ ወሬ አይደለማ።

ሕንፃው ቀጭን ነው፤ በየፎቁ አንድ ቤት ብቻ። አንደኛ ፎቅ ፀጉር ሠሪዋ ትኖራለች፤ ሳሎኗን የሥራ ቦታ አድርጋዋለች። ሁለተኛው ላይ የአውቶቡስ ሹፌሩ ከሚስቱና አንድ አውቶቡስ ከሚሞሉት ልጆቹ ጋር አለ። ሦስተኛው ላይ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አራተኛው የእኛ ነው፤ የእኔ፣ የሚስቴና የአማቴ። እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። እኔ የሠራሁት ሶፋ ላይ ለአፍታ አረፍ ልበል ብሎ የገዛ ሠርጉ ያመለጠው ሙሽራ አለ። ኋላ ታርቀው ተጋቡ፤ ሶፋውንም ቤታቸው ወሰዱት።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ቁልፍ ሠሪ ናቸው። ሞርሳቸውና ሞረዳቸው ያለበት ጠረጴዛ የእኔ ሱቅ በር ሥር ነው። ዓይናቸው በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ጋዝ እንዳለቀበት ፋኖስ እየደበዘዘ ሄዶ አንድ ጠዋት «መብራቱን አብሩት እንጂ» አሉን፤ ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነበረች። ሥራ ያቆማሉ ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ ባሰባቸው። የመጣላቸውን ቁልፍ ጥርሱን በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳበስ ያደርጉና ይሞርዳሉ፤ ከሞርሳው የሚወጣው ቁልፍ የመጀመሪያው መንታ ወንድም ነው። እኔማ አማቴ ወደ ካዝና ጠጋ ሲሉ ካዝናው አፍሮ ራሱ ይከፈታል ብዬ ለደንበኛ ሁሉ እናገራለሁ። ሚስቴ «ቀደዳህን ተው፣ ፖሊስ ታመጣብናለህ» ትለኛለች።

ከሱቁ እስከ ሕንፃው ማንም አይመራቸውም። የዳቦ ቤቱ ሙቀት በቀኝ፣ የጎሚስታው መዶሻ በግራ፣ ከዚያ የግቢያችን የብረት በር። መውረድም ቀላል ነው፤ ደረጃው ሲያልቅ አለቀ። ጣጣው መውጣቱ ላይ ነበር። የአራቱም ፎቅ በር አንድ ዓይነት፣ እጀታው አንድ ዓይነት፣ የደጁ ስፋት አንድ ዓይነት። ታዲያ ለምን አይቆጥሩም እንዳትሉኝ፤ ይቆጥሩ ነበር። ግን አንዱ ከመንገድ አግኝቷቸው «አባባ፣ እንዴት ዋሉ» ሲላቸው ቆመው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሰውየው ጉልበት፣ ቀጥሎም ስለ መላው ሠፈር ጉልበት አውርተው ሲጨርሱ፣ ቁጥሩ የት ላይ እንደነበር ማን ያስታውስ?

እናም አንድ ቀን እትዬ ቆሻሻ ሊጥሉ ወርደው በራቸው ገርበብ ብሎ ሳለ፣ አማቴ ቤታቸው የደረሱ መስሏቸው ዘው አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። እትዬ ሲመለሱ አማቴ ኮቴ ሰምተው፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ሶፋውን ምን አደረጋችሁት? እንጨት ሆኗል እኮ» አሏቸው። እትዬ ቤታቸው ሰው አይገባም፤ የዚያን ቀን የጮኹት ጩኸት በላያችን ይበር የነበረ አሞራ አቅጣጫ አስቶታል። እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ሶፋው የእኔ እጅ ሥራ አልነበረም።

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ግን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ እኔም በሌለበት «ሲሚንቶ» እለዋለሁ፣ ለሥራውም ለፊቱም ስለሚስማማ። ክፉ ሰው አይደለም። አባቱን ይወዳል፤ ብቻ የሚወደውን ነገር ዙሪያውን አጥር ካላጠረበት እንቅልፍ አይወስደውም። ከከተማው ዳር ደረጃ የሌለው፣ ዘበኛ ያለው ግቢ ሠርቷል። በማግስቱ መጥቶ ከአባቱ ጎን ተቀመጠና፣ ዓይኑን ሻይ ብርጭቆው ላይ ተክሎ፣ ትናንት የገቡት ሰው ቤት ነው፣ ነገ ደግሞ ከደረጃው ላይ ይወድቃሉ አለ። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሳሳቱ ይዟቸው እንደሚሄድ ቁርጡን ነገረን።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። ከዚያ «እዚያ በሩን የሚከፍተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ዘበኛው ነዋ፣ አባዬ።»

«ታዲያ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

ይህን ሲሉ አውራ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ የሌለ ቁልፍ ይዳብስ ነበር። ሚስቴ አየችው። እኔም አየሁት፤ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም።

መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ ከእኔ ቀደም ብላ አሰበችው እንጂ ሐሳቡ የእኔ ነበር። በረንዳችን ላይ ቅጠላ ቅጠል ታበቅላለች፤ ከዚያ አራት መርጣ በየፎቁ ደጅ፣ መደገፊያው የሚያልቅበት ቦታ፣ አንዳንድ አስቀመጠች። አንደኛ ፎቅ ሮዝሜሪ በዘይት ጣሳ። ሁለተኛ ናና እጀታው በተሰበረ ባልዲ። ሦስተኛ ጦስኝ በተቆረጠ ጀሪካን። አራተኛ፣ ከእኛ ደጅ፣ በሶብላ፤ እሱ እንኳ በትልቅ የቀለም ቆርቆሮ ነው፣ ምክንያቱም የእኛ በሶብላ ቅጠል እንደ ዝሆን ጆሮ ነው። አማቴ ሲወጡ እጃቸው ቅጠሉን ይዳብሳል፣ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ይወስዳሉ፣ የት እንዳሉ ያውቃሉ። የፈለገ ሰው የፈለገውን ያህል ያዋራቸው፤ ቁጥር ከራስ ይጠፋል፣ ናና ግን ሲያወሩበት ቢዋል ጦስኝ አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን ከኋላቸው ተከትዬ ወጣሁ። በየደጁ ጣታቸውን እያሸተቱ፣ ለራሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ደጃችን ሲደርሱ «በሶብላ» አሉ፣ የሰው ስም እንደሚጠራ አድርገው፤ ቁልፋቸውንም አንድ ጊዜ ብቻ ሰክተው ከፈቱ። እኔ ሰው ነኝ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ያላየሁትንም አውርቻለሁ። ያን ቀን ግን እዚያው ደረጃ ላይ አፌ ተከፍቶ ቀረ።

ችግሩ ጎረቤት እጅ አለው። ፀጉር ሠሪዋ ናት የጀመረችው። አንድ ቀን ሮዝሜሪውን ቀንጥባ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችና፣ ሲቀዘቅዝ የደንበኛ ፀጉር አለቀለቀችበት። ማበጠሪያ የሰበረ ፀጉር ነበር አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ስትወጣ ነፋሱ ያንን ፀጉር ለመንካት ተሰልፎ ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ሮዝሜሪ ውሃ ራሷን የምታስነካ ደንበኛ ጠፋች።

ሹፌሩ ቀጠለ። ሲጋራ ትቻለሁ ብሎ ለሚስቱ ከማለ ከርሟል፤ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ ናናውን እንደ ፍየል ይግጣል። ሚስቱም በበኩሏ ሆዱን ለቆረጠው ልጅ ታፈላዋለች፣ ራሱን ላመመው ውሃውን በጨርቅ ነክራ ግንባሩ ላይ ታደርግለታለች፣ የደረቀውን ደግሞ በየጫማቸው ውስጥ ትበትነዋለች። የእነዚያን ልጆች ጫማ ድሮ ዝንብ እንኳ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። አሁን በደጃቸው ሳልፍ ጫማዎቹን ሰላም ልበላቸው ይለኛል።

እትዬ መጀመሪያ ደጃቸው ላይ ጀሪካን ስለተቀመጠ አኩርፈው ነበር። ኋላ ሳል ያዛቸውና ጦስኙን በጎድጓዳ ሳህን ሙቅ ውሃ ላይ ጨምረው፣ ፎጣ ተከናንበው እንፋሎቱን ሲስቡ ሌሊቱን ሳይስሉ አደሩ። ከዚያ ማን ይመልሳቸው። አድርቀው በጨርቅ እየቋጠሩ ብል እንዳይበላው በሹራባቸው መሀል፣ ትኋን እንዳይጠጋቸው በፍራሻቸው ጥግ፣ እንዲያው ደስ ስላላቸው ደግሞ በመጻሕፍታቸው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ሚስቴ ራሷ የምትቀንጥበውን በሶብላ አላነሳሁም፤ ቲማቲም ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ዝንብ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ታንጠለጥለዋለች፣ ደስ ያላት ቀን ጆሮዋ ላይ ትሰካዋለች። እኔም ብሆን የደረቀ ሮዝሜሪ በሶፋ መደገፊያ ውስጥ መጠቅጠቅ ጀምሬያለሁ። አንድ ደንበኛ እላዩ ላይ ሲቀመጥ የሳምንት ድካሙ በጫማው በኩል ሲወጣ አይቻለሁ። ድካም ቡናማ ነው፤ አላውቅም ነበር።

ጣሳዎቹ መራቆት ሲጀምሩ ሚስቴ ጎረቤቱን ሁሉ ልትናገር ተነሳች። አማቴ ናቸው የከለከሏት። ቀንጥበው ከጣሉት ነው የሚያስከፋው፣ ከተጠቀሙበት ይቀንጥቡ አሉ፤ ደግሞም ሲቀነጠብ ይበልጥ እንደሚያቆጠቁጥ ራሷ እንደነገረቻቸው አስታወሷት። እውነትም አቆጠቆጠ።

አንዳንዴ ከሱቅ ስመለስ አንዷን ቅጠል ይዤ አያታለሁ። ከጥፍሬ አትበልጥም። ፀጉር ታለሰልሳለች፣ ሳል ትፈታለች፣ ብል ታባርራለች፣ ሽማግሌ እጅ ይዛ ቤቱ ታደርሳለች። እኔ አንድ ሶፋ ለመሥራት እንጨት፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ሚስማርና ብዙ ስድብ ያስፈልገኛል። እሷ ግን ትንሽ ውሃና ትንሽ ፀሐይ ጠይቃ፣ አፏን ዘግታ፣ ይህን ሁሉ ትሠራለች። አፍ ዘግቶ መሥራት እንደሚቻል ከእሷ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ቀለም ቀቢው መጣ።

የሕንፃው ባለቤት እንደምንም እጁ ተፈታና ደረጃውን ለማስቀባት ቀጠረው። ቀቢው ቁመተ ረጅም ነው፤ ራሱን «አርቲስት» ይላል፤ ብሩሹን ከመንከሩ በፊት ግድግዳውን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየዋል። እኔና እሱ ስንገናኝ ደረጃው ይጠብብናል፣ ሁለት ጉራ አይተላለፍበትም ትላለች ሚስቴ። ጣሳዎቹን ሁሉ ግቢ አውርዶ ግድግዳውን፣ በሮቹን፣ መደገፊያውን ቀባ። እስኪጨርስ ድረስ አማቴን ክንዳቸውን ይዤ አወጣቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እኛ ሱቅ ከሄድን በኋላ ሥራውን ጨረሰና ጣሳዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ።

ወደ ቦታቸው ያልኩት ለእሱ ቦታቸው የመሰለውን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር፤ አርቲስት ግን አይጠይቅም። ቅጠሎቹን በቁመት ደረደራቸው፤ ረጅሙ ከታች፣ እየቀነሰ እየቀነሰ አጭሩ ከላይ፣ ከግቢ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው አረንጓዴው እየሳሳ ወደ ሰማይ እንዲሄድ። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። በሶብላው አንደኛ ፎቅ፣ ሮዝሜሪው ሁለተኛ፣ ናናው ሦስተኛ፣ ሚጢጢው ጦስኝ የእኛ ደጅ። አንድም በቦታው የቀረ የለም።

ይህን ማናችንም ሳናውቅ ሲሚንቶ በቀትር ሱቄ በር ላይ መኪናውን አቆመ። ከኋላ ወንበር ላይ ባዶ ሻንጣ ይታየኛል። ገብቶ አባቱን ሳመና ነገሩን ሳያለዝብ ተናገረ፦ አሁን ብቻቸውን ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ እሱና እኔ ከኋላ እንከተላለን፣ ማንም ቃል አይተነፍስም። በራሳቸው በር ከገቡ ዳግመኛ ይህን ወሬ አያነሳም። ከተሳሳቱ ግን ሻንጣው ይሞላል።

አማቴ ሞረዳቸውን በጨርቅ ወለወሉ፣ ሽርጣቸውን አጠፉ፣ ዱላቸውን አነሱ። «እሺ፤ ብቻ ተረከዜን እንዳትረግጡኝ» አሉ።

መንገዱን እንደ ጎረምሳ ነው ያለፉት። የብረት በሩን ገብተን ደረጃው ሥር ስንደርስ ግን አዲሱ ቀለም ጉሮሯችንን ያዘን። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ከዚሁ የተነሳ የየፎቁ ሰው አየር እንዲገባ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጎ ከፍቷል። አራት ክፍት በር፣ አራቱም እንደ ቅቤ አንድ መልክ፣ አራቱም «እንደ ቤትዎ፣ ይግቡ» የሚሉ። ሲሚንቶም አስተዋለውና በአፍንጫው ተነፈሰ።

አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ከኋላቸው ቀና ብዬ አየሁ። በሮዝሜሪው ቦታ የእኛ በሶብላ ተኮፍሶ ቆሟል። በመደገፊያው ብረት መሀል ወደ ላይ ሳይ የአርቲስቱ ሥራ ሁሉ ታየኝ። በሶብላ ማለት ለእሳቸው ቤት ማለት ነው። አፌን ስከፍት የሲሚንቶ እጅ አንጓዬ ላይ አረፈ፤ ያ እጅ የሲሚንቶ ከረጢት እንደ ትራስ የሚያገላብጥ እጅ ነው። ሳል ልሞክር አሰብኩ። ጠበቅ አደረገው።

አማቴ እጃቸውን ዘረጉ። ቅጠሉን ዳበሱ፣ ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

በክፍቱ በር ውስጥ ፀጉር ሠሪዋ እጇ የደንበኛ ራስ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀርታለች። ደንበኛዋም ውሃ በጉንጯ እየወረደ አንገቷን ቀና አድርጋ ታያለች። ሲሚንቶ በሌላው እጁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛቸው። አማቴ ቁልፋቸውን እንደያዙ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄዱና ቆሙ። ፊታቸውን ወደ በሶብላው መለሱ። እንደገና ወደ በሩ። ከውስጥ የሮዝሜሪ ውሃ እንፋሎት፣ ከእርጥብ ፀጉርና ከሳሙና ጋር ተቀይጦ፣ በዚያ ሁሉ የቀለም ሽታ መሀል ለራሱ ቀጭን መንገድ ሠርቶ ይወጣ ነበር። እኔም ሸተተኝ። አፍንጫ ለመነጽር ማስቀመጫ ብቻ እንዳልተሰጠኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አማቴ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱና ዱላቸውን በሚቀጥለው ደረጃ ላይ አሳረፉ።

ሁለተኛው ላይ ጣሳው ሮዝሜሪ ነው። ዳበሱት፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ። በበሩ በኩል ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉንጩን በናና ሞልቷል፤ ሲያየን መንጋጋው ባለበት ቆመ። ሚስቱ ቀለሙ ራስ ምታት ላመጣባቸው ልጆች የናና ውሃ ጨርቅ እየጨመቀች ነበር፤ እሷም እጇን አንስታ ቀረች። የዚያን ቤት ጫጫታ የሚያውቅ ሰው ያን ዝምታ ቢሰማ ይደነግጥ ነበር። አማቴ ግን በአፍንጫቸው ሳቅ አሉና አለፉ።

ሦስተኛው ያ የተሳሳቱበት ቤት ነው። ጣሳው ናና ነው፤ በጣሳው ከሄዱ ገና ሁለተኛ ላይ ናቸው። እትዬ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ፎጣ እንደ ድንኳን ተከናንበው ሳህናቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ መምጣታችንን አላዩም፣ አልሰሙም። ከድንኳኑ ሥር እንፋሎት ሾልኮ ይወጣል፣ በመሀሉ ሳል ይሰማል። አማቴ እዚህ ቆዩ። ከቆዩ አልቀር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እያንዳንዷን ሳል አዳመጡ። የሲሚንቶ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ነው፤ ጭራሽ እጄን መያዙን ረስቶ ተደግፎኛል። ከዚያ አማቴ ለእትዬ ጀርባ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱና ወደ ላይ ተራመዱ።

አራተኛው ላይ ያለችው ያቺ ሚጢጢ ጦስኝ ናት። እሷን ካመኑ ቤታቸው ገና አንድ ፎቅ ይቀረዋል፤ ከእኛ በላይ ደግሞ ወደ ጣራ የሚያወጣ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል እንጂ ሌላ የለም። ጦስኙን ዳበሱ። አሸተቱ። ዱላቸው ወደፊት ሄዶ የመሰላሉን የመጀመሪያ ብረት ኳ አደረገው። ሲሚንቶ እጄን ለቆ ወደፊት ተስፈነጠረ፤ እኔም ተስፈነጠርኩ፣ እንዲያውም ቀድሜው ነበር።

እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ በራችን አዙረዋል። ሚስቴ ለወንድሟ ምሳ ስትሠራ ከወጥ ቤት ሳትወጣ ቆይታ፣ ኮቴ ሰምታ በሩ ላይ ወጥታለች፤ በሶብላ ጆሮዋ ላይ፣ ማንኪያ እጇ ላይ። ከኋላዋ የቲማቲሙና የበሶብላው እንፋሎት ይወጣል።

«ልጄ» አሏት፣ «ምን ሆነሽ ነው እንደ ጣውላ የቆምሽው? ድስቱ እያረረ ነው።»

ገቡና የራሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ድስቱ እውነትም ጫፉ ይዞት ነበር።

ሲሚንቶ በሩ ላይ ቀርቶ ጣሳዋን ያያል፣ አባቱን ያያል። እኔ የአርቲስቱን ጥፋት በሹክሹክታ ነገርኩት፤ የትኛው ቅጠል የትኛው ፎቅ ላይ እንደነበር። አማቴ ጆሯቸው ሹክሹክታ አያልፈውም።

«ጣሳዎቹ ዛሬ ዋሽተውኛል» አሉ። «ሰዎቹ ግን ሁሉም በየቤታቸው ናቸው።»

ልጃቸው ቀስ ብሎ ገብቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና እንዴት እንደለዩ ጠየቃቸው። የመለሱለትን ቃል በቃል ባልይዘውም እንዲህ ነው፦ ጣሳ ላይ ያለ ቅጠል ቅጠል ብቻ ነው፣ ማንም አንስቶ ሊወስደው ይችላል። ሰው ቤት የገባ ቅጠል ግን የዚያን ቤት ሽታ ይዞ ይወጣል። ያኛው ሮዝሜሪ ፀጉርና ሳሙና ሆኗል፣ ያኛው ናና የልጆች ጫማ ሆኗል። ያንን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ከዚያ እንደ ቀላል ነገር የሕንፃውን ዜና ነገሩን። ፀጉር ሠሪዋ ሳሙና ቀይራለች፣ የድሮው ይሻል ነበር። ሹፌሩ ዛሬም አጭሷል፣ ለሚስቱ ማንም እንዳይነግር። ድምፃቸው እዚህ ላይ ዝቅ አለ።

«የእትዬ ሳል ግን ወደ ደረታቸው ወርዷል። ጦስኝ የሚችለው አይደለም። ሰው ይያቸው።»

እኔን መቼም ታውቁኛላችሁ፤ በዚያ ሰዓት አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። ሁልጊዜ የምናገረው አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልመጣም። ስንት ዓመት በዚያ ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ በአንደኛው ፎቅ ሳሙና እንደተቀየረ፣ በሦስተኛው ሰው ደረቱን እንደታመመ አላውቅም። ለካ የምኖርበትን ሕንፃ ከውጭ ነው የማውቀው። ሚስቴ ጤንነቴ አሳስቧት ግንባሬን ነካች።

ሲሚንቶ ምሳውን ቶሎ በላና ተነሳ። ወደ ታች ወርዶ እትዬን አነጋገራቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ሳሉ መሀል ላይ አቋረጣቸው፣ ከዚያ ነጠላቸውን ፈለጉ። ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ ዱላቸውን አንስተው «ልሸኛችሁ» አሉ። እኔ አብሬ ልወርድ ስል ሚስቴ ሸሚዜን ከኋላ ይዛ አስቀረችኝ። ቢያንስ አማቴ እስኪመለሱ ጣሳዎቹን ወደ ቦታቸው ላድርስ አልኳት። እሱንም ከለከለችኝ።

ከበረንዳችን ላይ ሆነን አየናቸው። አባት ከፊት፣ እትዬ መሀል፣ ልጅ ከኋላ ሆነው ወደ ግቢው ወጡ። ሲሚንቶ የመኪናውን በር ከፈተ፤ ሻንጣውን ከኋላ ወንበር ላይ አንስቶ ወደ ዕቃ መጫኛው ወረወረና ለእትዬ ቦታ ለቀቀ። አባቱን ሳማቸው። ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ አየሁት፤ ዘረጋና መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። አማቴ ዞረው ወደ ሕንፃው ገቡ።

ሲሚንቶ መኪናው ውስጥ አልገባም። የደረጃው ግድግዳ አየር እንዲያስገባ ቀዳዳ ባለው ጡብ የተሠራ ነው፤ ድምፅ እስከ ግቢው ይወጣል። አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። ዱላዋ ኳ፣ ኳ እያለች ትወጣለች። አንደኛው ላይ ቆመች፤ የፀጉር ሠሪዋና የአማቴ ሳቅ ተሰማ፣ ምናልባት ስለ ሳሙናው ነው። ቀጠለች። ሁለተኛው ላይ ልጆቹ «አባባ» እያሉ ከበቧቸው፤ ወሬው ረዘመ፣ ስለ ጉልበትም ሳይነሳ አልቀረም። ሲሚንቶ አንድ እርምጃ ወደ ሕንፃው ተራመደ፤ ቁጥር የሚጠፋበት ቦታ እንደሆነ ያውቃላ። ዱላዋ እንደገና ተነሳች። ሦስተኛው ላይ፣ እትዬ በሌሉበት ደጅ፣ ትንሽ ዘገየች።

እትዬ ከመኪናው ውስጥ እየሳሉ ምን እንደሚጠብቅ ጠየቁት። አንድ ጣቱን አንስቶ ትንሽ ይታገሱኝ አለ። እኔና ሚስቴም እላይ ጆሯችንን ወደ ደረጃው አቅንተናል።

ዱላዋ አራተኛው ላይ ደረሰች። ሚስቴ ሆን ብላ በሩን ዘግታው ነበር። ቁልፉ ገባ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ ነው ሲሚንቶ መኪናውን ያስነሳው።